ሃንድአውቱን ዝጊው፣ ጥያቄውን ሥሪው!

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉብሬ ግቢ ነሽ? ወይስ ቡታጅራ ሆስፒታል አታችመንት ላይ? የትም ሁኚ፣ የነርሲንግ የመውጫ ፈተናሽ እየቀረበ ነው። (ወንድሜ፣ ላንተም ነው የምናገረው።)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ ስንት ገጽ አነበብሽ?

እሺ፤ ስንት ጥያቄ ሠራሽ?

በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ደጋግሞ ማንበብንና ራስን መፈተንን አወዳደሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፣ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላስ? ራሳቸውን የፈተኑት!

ደጋግመሽ ስታነቢ ሁሉንም ያወቅሽ ይመስልሻል። ጥያቄ ግን ክፍተትሽን ያወጣዋል። ይውጣ! ዛሬ ቢወጣ ይሻላል።

እስቲ አሁኑኑ እንሞክር። ለበሽተኛው 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባለት ታዟል። ቱቦው 1 ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ ያወርዳል። በደቂቃ ስንት ጠብታ? ስልክሽን አታንሺ! 1000ን በ20 አባዢ፤ ለ480 ደቂቃ አካፍዪ። 42 ገደማ። አገኘሽው? ጎበዝ! ሳትሽው? ነገ ጠዋት ቁጥሩን ቀይረሽ ሥሪው።

ሌላ ልጨምርልሽ። ማግኒዥየም ሰልፌት እየወሰደች ያለች እናት የጉልበቷ ሪፍሌክስ ጠፋ፤ ትንፋሿ በደቂቃ 10 ደረሰ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? መድኃኒቱን ታቆሚያለሽ፤ ወዲያው እርዳታ ትጠሪያለሽ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

ባለ ምርጫ ጥያቄ ስትሠሪ መልሱን አክብበሽ ብቻ አትለፊ። የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት ሆኑ? ለዶርም ጓደኛሽ ጮክ ብለሽ አስረጂያት። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቢ፤ ትልቁ እውቀት ያለው በተሳሳቱት ምርጫዎች ውስጥ ነው። ተረኛ ስትሆኚ ከ«ሀ» እስከ «መ» የሚደረድርልሽ የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት «ሲስተር፣ ድረሽልኝ!» የሚል አስታማሚ ነው ያለው።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ ሆነ። አንቺ 50ን አታልሚ! ያቺ እናት ግማሽ እውቀት አይበቃትም።

«ጭንቅላቴ አይዝም» አትበይ። ይይዛል! ልምምድ ስጪው።

ዛሬ ማታ 20 ጥያቄ ሥሪ። የሳትሻቸውን በደብተር ጻፊ፤ ነገ ከእነሱ ጀምሪ። ያልገባሽን ዋርድ ላይ ያለችውን ነባር ነርስ ጠይቂ፤ አትፈሪ። በይ ተነሺ፣ እስክሪብቶሽን አንሺ!