አህያውም ሠረገላውም፦ መኪና ስለ መለወጥ የተዘጋጀ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን መነሻው መኪና ነው። በጌዴኦ ዞን በኮንጋና በአካባቢዋ የቡና ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወራት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይነሣል፤ ስለዚህ በምሳሌ ልያዘው። አንድ ወንድም እንበል። ተወልዶ ያደገው ኮንጋ፣ ሥራው ቡና አቅራቢነት፣ ቤቱ ዲላ ነው። መኪናው ባለአራት በር የቤት መኪና ናት፤ ነገር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣች አልቀረችም። ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ብላለች፤ ማርሚታዋ ተቀይሮ ድምፅዋ ከሩቅ ይለያል፤ ቸርኬዋ ሰፍቷል፤ የሞተሯ ኮምፒውተርም ጉልበት እንዲጨምር ተነካክቷል። አሁን ደላላ መጥቶ፣ «ይህችን ስጥና ጭማሪ ከፍለህ ባለሁለት በር የቅንጦት መኪና፣ ኩፔ የሚሉትን፣ ውሰድ» ይለዋል። ወንድማችንም ወደ አስተማሪው ሄዶ፣ «ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው በዚህ መልክ ከመጣ መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ፍጥረት መልካም ነው፤ ብረቱም፣ ቆዳ የለበሰው ወንበርም ርኩስ አይደለም። ይህን ዓይነት ንብረት መያዝን ብቻውን ኃጢአት ነው የሚል አስተማሪ ከመጽሐፉ አልፎ ይሄዳል። ነገር ግን «ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ፍለጋ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 10፣ የተፈቀደ ሁሉ የሚጠቅም እንዳልሆነ፣ የሚያንጽም እንዳልሆነ አስተምሯል። እኛም ከዚያ እንነሣ። ይህ ልውውጥ በልቤ፣ በባልንጀራዬና አሮጌዋን መኪና በሚረከበው ሰው ላይ ምን ያደርጋል?

ከልብ እንጀምር። በዘፀአት ምዕራፍ 20 የመጨረሻው ትእዛዝ ስለ ምኞት ነው። (የትእዛዛቱ አቈጣጠር በየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል፤ ሉተራውያን ይህን ለሁለት ከፍለው ዘጠነኛና አሥረኛ ይሉታል። ቃሉ ግን ያው ነው።) ትእዛዙ አትመኝ ብሎ ብቻ አያልፍም፤ በስም ይዘረዝራል። ከዘረዘራቸውም መካከል የባልንጀራ በሬና አህያ አሉ። በዚያ ዘመን በሬው አርሶ የሚያበላ፣ አህያው ሰውና ዕቃ የሚያጓጉዝ ነበር። እንግዲህ ሕጉ በተሰጠበት ቀን የጎረቤት ማጓጓዣ በስሙ ተጠርቷል። ትእዛዙ አህያ መግዛትን አይከለክልም፤ የሚነካው ዓይን ያረፈበትን ቦታ ነው። ብዙ ሰው የቅንጦት መኪና መፈለግ የሚጀምረው መኪና መሸጫ ቦታ ቆሞ አይደለም፤ ሠርግ ላይ፣ ወይም አብሮት የቡና ንግድ የጀመረ ጓደኛው በር ላይ ነው።

ራሳችንን የምንፈትንበት አንድ መንገድ አለ። ያቺን ባለሁለት በር መኪና አግኝታችኋል እንበል፤ ግን ከዲላ ይርጋጨፌ የምትነዷት በሌሊት ብቻ ነው፤ አንድም ሰው አያያትም። አሁንም ጭማሪውን ትከፍላላችሁ? «አዎ፣ መንዳቱን ነው የምወደው» የሚል ሰው ይኖራል፤ እመኑት። ዝም የሚል ግን መልሱን አግኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ወንድማችን፣ «ድምፅና ፍጥነት የጉርምስና ነበር፤ አሁን በሰልሁ፣ የተከበረ መኪና ይገባኛል» ሊል ይችላል። ንግግሩ የብስለት ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው። ብዙ ጊዜ ግን ትናንት ሊሰማ ይፈልግ የነበረው ኩራት ዛሬ ሊታይ ፈልጎ ነው። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ትልቁ ካቴኪዝም፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ የሰው ልብ የሚደገፍበትና የሚታመንበት ነገር ለዚያ ሰው አምላኩ እንደሚሆን አስተምሯል። ከማርሚታ ድምፅ ወደ ቆዳ ወንበር መሻገር ድጋፉን ላይለውጠው ይችላል።

መጽሐፉ ስለ ሠረገላ የሚነግረንም ለዚህ ጉዳይ ይጠቅመናል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 አቤሴሎም ሠረገላና ፈረሶች፣ ከፊቱ የሚሮጡ 50 ሰዎችም አዘጋጀ። የሚሄድበት ሩቅ አገር ስለ ነበረው አይደለም፤ የአባቱን ዙፋን ስለ ፈለገ ነው። ወንድሙ አዶንያስም በኋላ ያንኑ አደረገ፤ የሯጮቹ ቍጥር እንኳ ያው 50 ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ ይከለክላል፤ ሰሎሞን ግን 1,400 ሠረገላዎች ሰበሰበ። የመጽሐፈ ነገሥት ጸሐፊ ዋጋውን ሳይቀር መዝግቦልናል፤ ከግብፅ የሚመጣ አንድ ሠረገላ 600 ሰቅል ብር፣ አንድ ፈረስ 150። ከውጭ የሚገባ ውድ ተሽከርካሪ የዛሬ ብቻ ወሬ አይደለም።

ሠረገላ ሁሉ ግን የተኰነነ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም በሠረገላ ሲመለስ እናገኘዋለን። ሹም ነው፣ ገንዘብ በእጁ ነው፣ ሠረገላውም እንደ ማዕረጉ እንደ ነበር መገመት አይከብድም። ፊልጶስ ስለ ሠረገላው አልገሠጸውም። ጃንደረባው በጕዞው ላይ መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ በእግሩ ሮጦ የደረሰበትን መንገደኛ ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው፤ ውኃ ባዩ ጊዜም ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ። አቤሴሎም ሰዎቹን ከፊቱ አስሮጠ፤ ጃንደረባው የሚሮጠውን ሰው አስቀመጠ። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የማየው በዚህ ልዩነት ነው።

ይህን ወደ ጌዴኦ እናምጣው። ከዋናው የዲላ–ሞያሌ አስፋልት ወጣ ብሎ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅሉበት ተዳፋት ላይ፣ መኪና ያለው ሰው በሌሊት ይጠራል። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ዲላ ሆስፒታል ማድረስ፣ ለቅሶ የሚሄዱ ሽማግሌዎችን መጫን አለ። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ በግጭት የተፈናቀሉ መቶ ሺዎች ወደ ጌዴኦ ሲመጡ ባልንጀራ ማለት ምን እንደ ሆነ ይህ ዞን በዓይኑ አይቷል። ባለሁለት በር መኪና የኋላ ወንበሯ ለሕፃን እንኳ ይጠባል፤ ምጥ የያዛትን ሴት አታስተኛም። ይህን የምለው መኪናዋን ለመኰነን አይደለም። ጥሪው ሲመጣ ወንድማችን ምን ይዞ እንደሚወጣ ቀድሞ ያስብ ለማለት ነው። ዝቅ የተደረገችው አሮጌዋ መኪናም በዚህ በኩል ብዙ አትመካም፤ ክረምት ሲገባ በጭቃው መንገድ ሆዷ ይመታል።

ወጪውን ቁጭ ብሎ ማስላትም መንፈሳዊ ሥራ ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የሚናገረው ይህንኑ ነው። በአገራችን ሒሳቡ ከብዷል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በትልልቅ ሞተሮችና በአሮጌ መኪኖች ላይ ጠንከር ያለ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ሄደ። ብርቅ የሆነች ኩፔ ደግሞ መለዋወጫዋ በየሱቁ አይገኝም። የቡና ገቢ በዓመት አንድ ወቅት የሚመጣ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ የተነሣን ምኞት እስከ ሰኔ አቆዩት እላለሁ። እሸቱ ተሸጦ፣ ለሠራተኛና ለገበሬ የሚከፈለው ተከፍሎ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ታስቦ፣ ክረምቱም ገብቶ ጭማሪው ያለ ብድር ካለ ያን ጊዜ ተነጋገሩበት። አብዛኛው ምኞት እስከዚያ አይዘልቅም።

የቀረው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ የገዢው ነገር ነው። ሉተር በዚያው ካቴኪዝም አትስረቅ የሚለውን ሲያብራራ ስርቆት ካዝና መስበር ብቻ አለመሆኑን፣ በገበያ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ደህና አስመስሎ መሸጥም ስርቆት መሆኑን ጽፏል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እውነተኛ ሚዛን ያዛል። የኮንጋ ሰው ይህን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም፤ ቀዩን እሸት ከላይ አድርጎ አረንጓዴውን ከጆንያው ሥር የሚደብቅ ሰው በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ምን እንደሚባል ያውቃል።

የተነካካች መኪናም እንዲሁ ናት። ጋራዥ ወስዶ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ወደ ነበረበት መልሶ፣ ማርሚታውን ቀይሮ «ምንም አልተነካችም» ብሎ መሸጥ ይቻላል። ነገር ግን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል፤ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል፤ የተቆረጠው ሞላ ጎማውን አዛብቶ ይበላል። ከሁሉ የከፋው፣ ጉልበት ተጨምሮ ፍሬኑ እንደ ድሮው ከቀረ፣ ይህን የማያውቅ ወጣት በይርጋጨፌ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ የሚያገኘው አደጋ ነው። ያኔ ነገሩ ከአትስረቅ አልፎ አትግደል ወደሚለው ይደርሳል። ለደላላ የተከፈለ ኮሚሽን ይህን ኃላፊነት ወደ ደላላው አያሻግርም።

ስለዚህ በምሳሌ ለያዝነው ወንድም የምሰጠው ምክር ይህ ነው። በዚህ የቡና ወቅት አትለውጥ፤ በብድር ደግሞ በፍጹም። መለወጥ ካለብህ ሰው የምትጭን፣ ጭቃ የምትወጣ መኪና ፈልግ፤ እኔ ባለሁለት በሯን አልመርጥልህም። ክረምቱ ገብቶ ልብህም አቅምህም ካልተቃወመህ ግን ውሰዳት፤ በዚያ የሚፈርድብህ ወንድም አይኑር። አሮጌዋን የሚረከበውን ሰው ደግሞ ገንዘብ ከመቀበልህ በፊት የራሱን መካኒክ ይዞ እንዲመጣ ጥራው፤ የተነካካውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረው፤ ዋጋው በዚያ ምክንያት ቢወርድም ተቀበለው።