ሁለተኛውን ቅጂ አምጡ!

«ታሪክ? አሁን ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?»

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ የመረጠ የሐይቅ ከተማ ልጅ ለእረፍት ቤቱ ሲመለስ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አቦሉ አይጠጣም። አጎት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይቀበላል፤ ልጁ አንገቱን ይደፋል። ወዳጆቼ፣ ቀና በሉ! መልሱ ደጃችሁ ላይ ነው። ከሐይቅ ተነሥታችሁ የወልዲያን መንገድ ያዙና ወደ አምባሰል ዝለቁ፤ ውጫሌ ትደርሳላችሁ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክና የጣልያን መንግሥት ውል የተፈረመው በዚህ ምድር ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው አንቀጽ 17፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ከፈለጉ ማለት ነው። የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ ሆኖ ተነበበ። ሮምም ይህንኑ ይዛ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ጉዱን ያወቁት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣላቸው ነው። ሁለቱ ቅጂዎች እንደማይገጥሙ ለጣልያኑ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አሳወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩት ስቬን ሩቤንሰን የዘመኑን ደብዳቤዎች አገላብጠው «የቅጂዎቹ ልዩነት ስሕተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» አሉ። ጣልያናዊው የታሪክ ሊቅ ካርሎ ጂሊዮ ደግሞ ሞገቷቸው። ተማሪው የሁለቱንም ማስረጃ አይቶ ራሱ ይፈርዳል።

እንግዲህ ታሪክ መማር ማለት ይህ ነው። ዓመተ ምሕረት መሸምደድ የሥራው ጥቂቱ ነው፤ ዋናው «ሁለተኛው ቅጂ የታለ?» ማለትን ልማድ ማድረግ ነው። የቤት ኪራይ ውል ስትፈርሙ፣ በቴሌግራም የመጣ ወሬ ሲያስቆጣችሁ፣ ሁለት ጓደኞቻችሁ ተጣልተው አንደኛው ቀድሞ ሲያወራላችሁ ይህችን ጥያቄ አንሡ። ከስንት ጸጸት ታድናችኋለች!

ሁለተኛው ልማድ ዳሩን ማንበብ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል አለ። በብራናው ባዶ ቦታ ላይ የገዳሙ ሰዎች የየዘመናቸውን ጉዳይ አስፍረውበታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ሲያጠኑ ከተጠቀሙባቸው ምንጮች አንዱ ይህ መጽሐፍ ነበር። ሌላው ለጸሎት የሚከፍተውን ወንጌል እርሳቸው እንደ መዝገብም አነበቡት። እናንተም ሕይወታችሁ ውስጥ «ይህ እኮ ተራ ነገር ነው» ብላችሁ የምታልፉትን ቆም ብላችሁ እዩት፤ የአባታችሁ የድሮ ደረሰኝ፣ ከፎቶ ጀርባ የተጻፈች ቀን፣ የእድር መዝገብ።

ሦስተኛው ልማድ ዛሬውኑ የምትጀምሩት ነው። ቡና ሲፈላ ከአያታችሁ ጎን ተቀመጡ። «ድሮ እዚህ ጫካ ነበር» ቢሉ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ፤ ጨዋታው ይቆማል። ይልቅ «እማምዬ፣ ያኔ አባቴ ተወልዶ ነበር?» በሉ። «ኧረ ዳዴ ይል ነበር!» ካሉ ወደ ዓመቱ ተጠጋችሁ ማለት ነው። «ከ66ቱ ረኃብ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ አጥብቡት። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤት አዛውንት አቅርቡና መልሶቹን አስተያዩ። ውጫሌ ላይ የጠፋው ማስተያየት እናንተ ጓዳ ውስጥ ተጀመረ!

በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ግዙ። አንድ ሰው ጠይቁ፤ የነገራችሁን፣ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ከዚያ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አጎታችሁ ደግሞ ነገ «ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ብለው ሲመጡ ፈገግ ብላችሁ መልሱላቸው፦

«አጎቴ፣ ያጎረሱኝን ሁሉ ሳላኝክ እንዳልውጥ ነዋ!»

ይስቃሉ፤ ቶናው ይቀዳል። እናንተም ደብተራችሁን አውጡና «ለመሆኑ እርስዎ በልጅነትዎ...» ብላችሁ ጀምሩ።