የሳተላይት ጥቆማና የደን ጥበቃ፦ ከብራዚል የሚገኝ ትምህርት

ድርቅን ለመከላከልም ሆነ ሰፋሪዎችን በዘላቂነት ለማቋቋም የደን ጥበቃ ዐቢይ ስፍራ አለው፤ ደን አፈርን ከመሸርሸር፣ ምንጭንም ከመንጠፍ ይታደጋልና። ሕገ ወጥ ጭፍጨፋን በዘመናዊ መሣሪያ በመቆጣጠር ረገድ የብራዚል ልምድ ሊጠና የሚገባው ነው።

የብራዚል ብሔራዊ የጠፈር ምርምር ተቋም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአማዞንን ደን ምንጣሮ በሳተላይት ፎቶግራፍ በየዓመቱ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ዓመታዊው አኃዝ የሚደርሰው ደኑ ከወደመ በኋላ በመሆኑ ጨፍጫፊውን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ አላስቻለም። ስለዚህ በ2004 ዴተር የተሰኘ የማስጠንቀቂያ ዘዴ ተዘረጋ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ25 ሄክታር የሚበልጥ አዲስ ምንጣሮ ሲታይ ቦታው ለተቆጣጣሪዎች ይገለጽ ነበር፤ እነርሱም በስፍራው ተገኝተው ይቀጡ፣ መሣሪያም ይወርሱ ነበር። በ2008 ደግሞ ሕግ ለማያከብሩ ባለይዞታዎች የእርሻ ብድር እንዳይሰጥ ተወሰነ። እነዚህና ሌሎች እርምጃዎች ተቀናጅተው፣ በ2004 ወደ 27,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የደረሰው ዓመታዊ ምንጣሮ በ2012 ወደ 4,600 ገደማ ዝቅ አለ።

ሆኖም ጨፍጫፊዎች ከሳተላይቱ እይታ ለማምለጥ በትንንሽ ቦታዎች መመንጠር ጀመሩ፤ ደመናም እይታውን ይጋርድ ነበር። የመስክ ቁጥጥሩ እየላላ ሲሄድ ምንጣሮው በ2021 ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሳተላይቱ ግን ሥራውን አላቋረጠም ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሳተላይት ይጠቁማል እንጂ አጥፊውን አይዝም። ጥቆማው የሚፈይደው በጊዜው የሚደርስ ጠባቂና የሚፈጸም ቅጣት ሲኖር ነው። በሰፈራ አካባቢ ደግሞ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት አስቀድሞ ካልተተከለ፣ ቁጥጥሩ የተቸገረውን ሰፋሪ ከማሳደድ አያልፍም።