የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ ፊዚክስ

በከምባታ ዞን በዳምቦያ፣ እንዲሁም በሆሳዕና እና በዱራሜ ከተሞች ብዙ ቤተሰቦች በደቡብ አፍሪካ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ አላቸው። ከእነዚህ ዘመዶች ከሚላኩት ዕቃዎች መካከል የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ አንዱ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ቤት ሲደርስ ሦስት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። በእርግጥ ከመፋቂያና ከእጅ ብሩሽ ይበልጣልን? መብራት በሚጠፋበት ቤት ያገለግላልን? እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ አደጋ የለውምን? ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ለመመለስ የቀረበ ነው።

ጥርስን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

በጥርስ ላይ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ስስና ተጣባቂ ሽፋን ዘወትር ይፈጠራል፤ ይህም ፕላክ ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ከምግብ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። በጥርስ ላይ ያለው ፒ ኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ኢናሜል የተባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ፕላኩ ሳይወገድ ሲቆይ ድድም ይቆጣል፤ ይደማል። በመሆኑም የማንኛውም ብሩሽ ዋና ተግባር ይህን ሽፋን መፋቅ ነው። ኤሌክትሪክ በራሱ ጥርስን አያጸዳም። የሚያጸዳው የብሩሹ ፀጉር ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ድርሻ ፀጉሩን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

የንዝረቱ ስሌት

ከቀደምቶቹ የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሾች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊዘርላንድ ተሠራ፤ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በሽቦ ይገናኝ ነበር። የዛሬዎቹ በባትሪ የሚሠሩ ሲሆን በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ክብ ጭንቅላታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፀጉሩን ወደ ጎን በፍጥነት ያንቀጠቅጣሉ።

ወዲያና ወዲህ የሚነዝር አካል ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲህ ይሰላል፦

ከፍተኛ ፍጥነት = 2 × 3.14 × ድግግሞሽ × የንዝረት ስፋት

አንድ ሰው በእጁ በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይቦርሻል እንበል። ከፍተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 0.31 ሜትር ይሆናል። በሴኮንድ 260 ጊዜ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ስፋት የሚነዝር የኤሌክትሪክ ብሩሽ ግን በሴኮንድ 1.63 ሜትር ይደርሳል። የድግግሞሹ ልዩነት 52 እጥፍ ሲሆን የፍጥነቱ ልዩነት 5 እጥፍ ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ማስታወቂያዎች የንዝረቱን ቁጥር ብቻ አጉልተው ሲናገሩ ይህን ማስተዋል ይገባል።

ከቀመሩ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። ብሩሹን አጥብቀን ጥርስ ላይ ስንጫነው የንዝረቱ ስፋት ይቀንሳል። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድድም ይጎዳል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብሩሽ የሚያዘው ቀለል ተደርጎ ነው። እንደ እጅ ብሩሽ ሳይፈተግ ከጥርስ ወደ ጥርስ በዝግታ ይሄዳል።

ለመሆኑ ውጤቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 56 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። የኤሌክትሪክ ብሩሽን ከ3 ወር በላይ የተጠቀሙ ሰዎች ከእጅ ብሩሽ ተጠቃሚዎች ጋር ሲነጻጸሩ ፕላካቸው በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነታቸው ደግሞ በ11 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም መጠነኛ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ንጽጽር ታትሞ ነበር፤ መፋቂያ በጥርስ ላይ የተለጠፈውን በማስወገድ ረገድ ከእጅ ብሩሽ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብሩሽ የሌለው ተማሪ ጥርሱን ለመጠበቅ መንገድ አጣ ማለት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ

የብሩሹ ባትሪ 3.6 ቮልትና 700 ሚሊ አምፒር ሰዓት ቢሆን፣ የሚይዘው ጉልበት 2.5 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሞተሩ 1.5 ዋት የሚወስድ ከሆነ ባትሪው 100 ደቂቃ ያህል ይሠራል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ደቂቃ ብንቦርሽ 25 ቀን ያደርሰናል። እንግዲያው መብራት ለአንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ ለዚህ መሣሪያ እንቅፋት አይሆንም።

አስገራሚው ነገር ሌላ ነው። ለመቦረሽ በቀን የሚያስፈልገን 0.1 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ቻርጀሩ ግን ቀንና ሌሊት ተሰክቶ 1 ዋት ቢወስድ በቀን 24 ዋት ሰዓት ያባክናል፤ ይኸውም 240 እጥፍ ነው። በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ባትሪው ሲሞላ ቻርጀሩን መንቀል ይበቃል።

ሶኬቱና አደጋው

አብዛኛውን ጊዜ ብሩሹና ቻርጀሩ በብረት አይነካኩም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በአቅራቢያው ባለ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በቻርጀሩ ውስጥ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ በብሩሹ እጀታ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥቅል ሽቦ አለ። ሁለቱ በፕላስቲክ ተለያይተው እንደ ትራንስፎርመር ይሠራሉ። እጀታው ውኃ እንዳይገባበት ተደፍኖ ሊሠራ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አፍ የሚገባው ክፍል ከግድግዳው መስመር ጋር አይገናኝም።

አደጋው ያለው ቻርጀሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ የደቡብ አፍሪካ 230 ቮልት፣ የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ተቃውሞው የማይለወጥ አንድ የ120 ቮልት ዕቃ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ የሚያመነጨው ሙቀት በቮልቴጁ ካሬ ያድጋል፤ ይኸውም 3.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጥቅል ሽቦ ሲሆን ጉዳቱ ከዚህም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በቻርጀሩ ግርጌ የተጻፈውን ማንበብ ግዴታ ነው። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። በሱቅ የሚሸጠው ተራ የሶኬት መቀየሪያ የእግሮቹን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም።

መሣሪያው የማይሠራው

በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ የጉድጓድ ውኃ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ የሚይዝበት ሥፍራ አለ። በልጅነቱ ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ሊበልዝ ይችላል። ብልዘቱ የተፈጠረው በራሱ በኢናሜሉ ውስጥ በመሆኑ የትኛውም ብሩሽ አያስለቅቀውም፤ አጥብቆ መፈተግ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በአንጻሩ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ ሳይዋጥ በአግባቡ ሲሠራበት፣ ኢናሜልን ከአሲድ ይከላከላል።

የብሩሹ ጭንቅላትም በየ3 ወሩ ገደማ መለወጥ አለበት። መለዋወጫው በዳምቦያ ገበያ የማይገኝ ከሆነ ዘመድ ከብሩሹ ጋር አብሮ እንዲልከው ማሳሰብ ይገባል። ፀጉሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረን የሚንቀጠቀጥ እጀታ ብቻ ነው።

ከላይ ካየነው የምንረዳው፣ የኤሌክትሪክ ብሩሽ ጥሩ ረዳት እንጂ የግድ አስፈላጊ ዕቃ አለመሆኑን ነው። በመፋቂያም ሆነ በማንኛውም ብሩሽ ሁሉንም ጥርስ በየቀኑ በትዕግሥት የሚያጸዳ ሰው ዋናውን ሥራ ሠርቷል።

መልመጃ፦ 1 ዋት የሚወስድ ቻርጀር ዓመቱን ሙሉ ሳይነቀል ቢቆይ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ያባክናል? በቤታችሁ ባለው ታሪፍ መሠረት ዋጋውን አስሉ።