ከሞት በኋላ ያለፈውን ሰዓት ከዓይን ፈሳሽ መገመት

የሞት ሰዓት የሚፈለግበት ምክንያት

አንድ ሰው ብቻውን ሳለ ሞቶ ሲገኝ ፖሊስ አስቀድሞ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ መቼ እንደሞተ ነው። ሰዓቱ ከታወቀ በዚያን ጊዜ በቦታው ሊኖር የማይችል ሰው ይለያል፤ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረም ነፃ ይወጣል። ጉዳዩ የወንጀል ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሹ ከሟቹ በኋላ በሕይወት መገኘቱን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁለት ዘመዳሞች በተቀራራቢ ጊዜ ሲሞቱ ማን እንደቀደመ ማወቅ ውርሱን ሊወስን ይችላል።

በተለምዶ የሚታዩት ምልክቶች የአስከሬኑ መቀዝቀዝ፣ የጡንቻው መገተር እና ደም ወደታች ወርዶ ቆዳን ማጥቆሩ ናቸው። እነዚህ ይበልጥ የሚያገለግሉት በመጀመሪያው ቀን ነው። አስከሬኑ የአካባቢውን ሙቀት ከያዘ በኋላ ቴርሞሜትር ስለ ሰዓቱ የሚናገረው ነገር አይኖርም። የሰውነት ፈሳሾች ኬሚስትሪ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ፖታሲየም ከሞት በኋላ የሚጨምርበት ምክንያት

ፖታሲየም (ለነርቭና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልግ፣ ከምግብ የሚገኝ ማዕድን) በሕያው ሰውነት ውስጥ እኩል አልተሰራጨም። በህዋስ ውስጥ መጠኑ በሊትር 140 ሚሊሞል (የሟሟ ንጥረ ነገር መለኪያ) ያህል ሲሆን፣ ከህዋስ ውጭ ባለው ፈሳሽ ግን 4 ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚጠብቀው በህዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ሶዲየምን እያስወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባ የፕሮቲን ፓምፕ ነው።

ፓምፑ ያለማቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። ልብ ሲቆም ኦክስጅን ይቋረጣል፣ ኃይሉ ይሟጠጣል፣ ፓምፑም ይቆማል። ታጉሮ የነበረው ፖታሲየም ከዚያ በኋላ ብዙ ካለበት ወደሌለበት ቀስ እያለ ይወጣል። የሚለካው ይህ ፍሰት ነው።

የዓይን ፈሳሽ ከደም የተመረጠበት ምክንያት

በደም ውስጥ ፍሰቱ እጅግ ፈጣን ነው፤ ቀይ የደም ህዋሳትም ስለሚፈርሱ መጠኑ በጥቂት ሰዓታት ያሻቅባል። ቪትሪየስ (ከዓይን ሌንስ ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ) ግን በጠንካራ የዓይን ግድግዳ ተከልሎ ለብቻው ስለሚገኝ ባክቴሪያ ዘግይቶ ይደርስበታል። በአንድ ዓይን ውስጥ 4 ሚሊሊትር ያህል አለ። ፖታሲየሙ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ወደ መሃል የሚሰርገው አዝግሞ በመሆኑ ለሰዓት ቆጠራ ይመቻል።

ናሙናው የሚወሰደው ቀጭን መርፌ በዓይን የውጭ ጠርዝ በኩል በማስገባትና ፈሳሹን በዝግታ በመሳብ ነው። በኃይል ከተሳበ የሬቲና ህዋሳት አብረው ይመጡና ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ የደፈረሰ ናሙናም አይታመንም። በመጨረሻ ዓይኑ እንዳይጎደጉድ በወጣው ልክ ውሃ ይሞላል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። በወሎ አስከሬን ቶሎ እንዲቀበር ይፈለጋል፤ ሙስሊሙ ከትጥበትና ከከፈን፣ ክርስቲያኑ ከግንዘት በፊት የሟቹን ፊት ያያል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድና ፊትን የማያበላሽ ምርመራ ለቤተሰብ የሚሰጠው ክብር ትልቅ ነው።

ቁጥሩ ወደ ሰዓት የሚለወጥበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1963 ስተርነር የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ቀመር የፖታሲየሙን መጠን በ7.14 አባዝቶ 39.1 ይቀንሳል። ማዴያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ደግሞ በ5.26 አባዝቶ 30.9 ይቀንሳል። መጠኑ 10 ሚሊሞል ሆኖ ቢገኝ የመጀመሪያው 32 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 22 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በአንድ ናሙና ላይ የአሥር ሰዓት ልዩነት መኖሩ፣ የቀመሩን ውጤት ብቻውን ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል። በኩላሊት ሕመም ዩሪያው (በሽንት የሚወገደው ቆሻሻ) ከፍ ያለ ሟችም የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የደጋው ብርድና የሸለቆው ሙቀት የሚያመጡት ልዩነት

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚያናውጠው የአካባቢው ሙቀት ነው። ሮግኑም የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት መሠረት ፖታሲየም በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰዓት 0.17፣ በ10 ዲግሪ 0.20፣ በ15 ዲግሪ 0.25፣ በ23 ዲግሪ ደግሞ 0.30 ሚሊሞል በሊትር ይጨምራል። በዚህ ስሌት የ5 ሚሊሞል ጭማሪ በብርድ 29 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ በ23 ዲግሪ 17 ሰዓት ይበቃዋል።

በወሎ የሚገኘው ወረኢሉ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ቆላ ነው። በአንድ ሌሊት፣ አንዱ በወረኢሉ ማሳ ላይ፣ ሌላው በዓባይ በረሃ የሞቱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁጥር አያሳዩም። የዓየሩን ሁኔታ ሳይጠይቅ ለሁለቱም በአንድ ቀመር የሚሠራ ሰው የደጋውን ሟች ዘግይቶ የሞተ፣ የቆላውን ቀድሞ የሞተ ሊያስመስል ይችላል።

ርቀቱም ይታከልበታል። አስከሬን ለምርመራ ከክልል ወደ አዲስ አበባ የሚላክበት ጊዜ አለ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በመኪና በሚያልፉት ሰዓታትም ፖታሲየሙ መጨመሩን አያቆምም። ስለዚህ ከናሙናው እኩል ዋጋ ያለው መጀመሪያ በቦታው የሚደርሰው ፖሊስ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው፦ አስከሬኑ የተገኘበት ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀት፣ ቦታው ፀሐይ ወይም ጥላ መሆኑ፣ ሟቹ ጋቢ ለብሶ እንደሆነ፣ በመኪና የተነሳበትና ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት።