በሳንቲም የተሠራ መስኮት

የሚነበበው ክፍል፦ ማቴዎስ 25፡31-46



ንፋስ የጸሎት ቤታችንን ሸራ ከቀደደብን ወዲህ ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ «ነገ ለምንለቀው ሰፈር ለምን እንሠራለን?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውጭ ላሉት እንጻፍ፣ አንድ ሀብታም ቆርቆሮውን በሙሉ ይግዛልን» ይላል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ስለ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ጥቁር ምእመናን በ1873 አንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። የአገሩ ባርነት ከቀረ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። በኋላ የሠሩትን የጡብ ቤት ከተማው አፍርሱት አላቸው። እንደገና ሠሩ። ዛሬ የቆመውን ባለ ሁለት ግንብ ሕንጻ በ1911 ጨረሱት፤ 26 ሺህ ዶላር ፈጀ። ንድፉን ያወጣው ዋላስ ሬይፊልድ የሚባል ጥቁር ባለሙያ ነው፣ ገንቢውም ጥቁር ነበር። መንገዱ 16ኛው ስለሆነ የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተባለ። በዚያ ዘመን ጥቁር ነጮች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ አይገባም፤ ስለዚህ ስብሰባውም ንግግሩም ሙዚቃውም እዚያ ይደረግ ነበር። እኛ ለቅሶውንም ሠርጉንም በአንድ ሸራ ሥር እንደምናደርገው ማለት ነው።

በ1963 በሜይ ወር ልጆች ከዚያ ቤት እየወጡ የዘር መለያየትን ተቃወሙ። ፖሊስ ውሻ ለቀቀባቸው፣ በእሳት ማጥፊያ ውሃም መቷቸው። በሴፕቴምበር 15 እሑድ ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት 4 ከ22 ደቂቃ ላይ፣ ነጭ ዘረኞች ከደረጃው ሥር ያስቀመጡት ቦምብ ፈነዳ። ከታች ባለው ክፍል የነበሩ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። አዲ ሜይ ኮሊንስ፣ ካሮል ሮበርትሰንና ሲንቲያ ዌስሊ 14 ዓመታቸው፣ ዴኒስ ማክኔር 11 ዓመቷ ነበር። የአዲ ሜይ ታናሽ እህት ሳራ አንድ ዓይኗን አጣች።

የዚያን ቀን የሰንበት ትምህርቱ ርዕስ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ቶሎ ማለፍ አልችልም። ከመካከላችን ማን እንደገደለበት የሚያውቅ ሰው አለ፤ እሱን «ይቅር በል» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከገዳዮቹ የመጀመሪያው የተፈረደበት በ1977 ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ2001 እና በ2002። ይቅርታን የተማረ ሕዝብ ፍርድንም መጠየቁን አልተወም።

ከመስኮቶቹ በአንዱ ላይ የኢየሱስ ሥዕል ነበረ። መስኮቱ ከቦታው አልወደቀም፤ የኢየሱስ ፊት ግን ተሰብሮ ወጣ። ቤቱ ተጠግኖ በ1964 ተከፈተ።

ወሬው ከእንግሊዝ ጎን ያለች ዌልስ የምትባል ትንሽ አገር ደረሰ። ጆን ፔትስ የሚባል የመስታወት ሠዓሊ ሰማና «እኔ መስኮት ልሥራላቸው» አለ። ዌስተርን ሜይል የሚባል ጋዜጣ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ታዲያ ምን ብለው ወሰኑ መሰላችሁ? ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን በላይ እንዳይሰጥ! ግማሽ ክራውን ማለት ሁለት ሽልንግ ተኩል ነው፣ የድሮው የእንግሊዝ ሽልንግ፤ ስምንቱ አንድ ፓውንድ ይሆናል። አንድ ባለጸጋ ሁሉንም ከፍሎ እንዳይገላግላቸው ፈልገው ነው። ስጦታው የሕዝቡ እንዲሆን። ልጆች ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን ሰጡ።

መስኮቱ በ1965 ገባ። ክርስቶስ ጥቁር ሆኖ፣ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ በአንዱ እጁ ክፋትን ይገፋል፣ በሌላው ይቅርታን ይሰጣል። ከሥሩ የተጻፈው ቃል የተወሰደው ዛሬ ካነበብነው ክፍል፣ ከቁጥር 40 ነው። የተራበው፣ እንግዳው፣ የታሰረው ማን እንደሆነ እዚያ ተመልከቱ። እኛ ይህን ምዕራፍ ስናነብ ራሳችንን ሁልጊዜ ከተቀባዮቹ ወገን እናስቀምጣለን። ሰጪዎቹስ ውስጥ የለንም እንዴ?

ወደ ሸራችን ልመለስ። ለቆርቆሮው ከአንድ ቤት ከሁለት ጣሳ በቆሎ ወይም ከአንድ ሳሙና በላይ እንዳንቀበል ለሽማግሌዎች አሳብ አቅርቤአለሁ። ውጭ ያለ ዘመድም ቢልክ በዚያው ልክ ይሁን። አንዲት እናት ባለፈው እሑድ ሳሙና በነጠላዋ ሸፍና አመጣችና «ልጄ፣ ስሜን አትጻፈው፣ ትንሽ ነው» አለችኝ። ስሟን አልጻፍኩም። ሳሙናው ግን በዝርዝሩ አንደኛ ቁጥር ላይ ተመዝግቧል። ዝርዝሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ረቡዕ ከጥናት በኋላ መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።