በሐይቅና በአምባሰል የሚጐበኝ ስፍራ ስለ መምረጥ

የሐይቅና የአምባሰል አገር ስፋቱ ጥቂት ሲሆን የሚታየው ነገር ብዙና ልዩ ልዩ ነው፤ ባሕርም ገዳምም አምባም ይገኝበታል። መምህሩ ሁሉን በአንድ ጉዞ አሳያለሁ ያለ እንደ ሆነ፥ ልጆቹ ድካም እንጂ ትምህርት ይዘው አይመለሱም።

የግሸን አምባ ዝናው ታላቅ ነው። ቅርጹ መስቀል ይመስላል፤ በጥንት ዘመንም የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ነበር። ነገር ግን አቀበቱ ለሕፃናት ይከብዳል፤ መስከረም 21 ቀንም ምእመናን ከየአገሩ ስለሚጐርፉ ልጅ ከመምህሩ ሊጠፋ ይችላል። ይህስ ለታላላቆቹ ተማሪዎች ይቆይ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለከተማው ቅርብ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ማኅበሩን አጽንተው፥ መጻሕፍት አሰባስበው አስተማሩበት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እጅግ የከበረ ቅርስ ነው። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋራ ተያይዟል።

ሆኖም በገዳሙ ሥርዓት ሴት አትገባም፤ ሥርዓቱም ሊከበር ይገባል። እንግዲህ ሴቶች ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ገዳሙን ብቻ ቢመርጥ፥ እነርሱ ከበር ቆመው ይቀራሉ፤ ወላጆቻቸውም በሌላ ጊዜ ከቤት ሊያስቀሯቸው ይችላሉ። ስለዚህ ለሁሉ የሚሆነው የባሕሩ ዳር ነው። ወደ ሐይቁ ወንዝ ይገባል፥ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ውሃው ወዴት ይሄዳል ተብለው ልጆቹ ይጠየቁ። ገዳሙንም ከማዶ እያዩ ታሪኩን ከተማረ ሽማግሌ አፍ ይስሙ። ሐይቁ ጥልቅ ስለ ሆነ ማንም ልጅ ያለ ጠባቂ ወደ ውሃው አይውረድ።